የክፍሉ ስፋት

ባሕሩ ሸሽቶት በቀረ፥ ሰው ጥሎት በሄደ መንደር፥
ከራስ አል ኸይማ ወዲህ፥ ከአሸዋው አፋፍ ሥር፥
ቤት ጠጋኝ ነኝ፤ በቀን ሒሳብ፥ በድርሃም ቁጥር።

ድንጋዩ ድንጋይ አይደለም፤
መርጃን ነው፥ ከባሕር ሆድ የተፈለጠ፥ ነፍስ የነበረው፤
እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሳ፥
ንፋስ ሲገባበት የሚያፏጭ፥ ጨው ያስረጀው።
ቀምሼዋለሁ። ሻንካራን አይቶኝ ሳቀ፤
ካቦው ነው፥ የኬረላ ሰው፤ እሱም ቀምሶ ነው ያወቀ።

ምርጊቱ ጂስ ይባላል፤ ከመሬት ወጥቶ በእሳት የበሰለ፥
ውሃ ሲነካው የሚቸኩል፥ "ቆይ" ቢሉት እንቢ ያለ።
የአባቴ ጭቃ እንዲህ አልነበረም፤
ከጭድ ጋር ተረግጦ፥ ሸቶ፥ ሦስት ሌሊት ያድር ነበር፤
እሱም እንደ ጭቃው ነው፥ ሳያድርበት የማይናገር።

አበጋዝ ጣራ ከዳኝ ነበር፥ ተሁለደሬ፥ ሐይቁ ዳር ላይ፤
"ቤት ከላይ ነው የሚሞት" ይለኝ ነበር ሣር ሳቀብለው፤
"ግድግዳ ቢታመም ይነግርሃል፤ ጣራ ግን ዝም ነው።"

ዛሬ ከጣራው ወጣሁ።
የቴምር ዝንጣፊ ምንጣፍ፥ በላዩ ጭቃ፥ ከሥሩ ወራጅ፤
ሣር የለም። ቋጠሮው ግን ያው፥
ሁለቴ ዞሮ አንዴ የሚሾልክ፤
ሳላዘው ፈታው ጣቴ፥ የሚያውቀው ልጥ መስሎት።

ወራጆቹን ቆጠርሁ፤ አሥራ ዘጠኝ።
ስምንተኛውን ምስጥ ጨርሶት፥ ዱቄቱ ዓይኔን ሞላኝ።
"ከየት መጣ ይህ እንጨት? እዚህ እንኳን ወራጅ ጥላ የለ።"
ሻንካራን በአገጩ ወደ ደቡብ ጠቁሞ "ካንተ ወገን" አለ፤
"በመርከብ፥ ከአፍሪቃ ዳር፥ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፤
የእኛ ደግሞ በሩ፤ ሳንቃውን እይ፥ ካሊከት ነው የታረሰው፥"
"የታረሰው" ማለቱ "የተላገው" ነው፤ አማርኛውን ከእኔ ነው የለቀመው።

ከዚያ ሜትር አውጥቶ ለካ። ሦስት ሜትር ከሃያ።
ቀጣዩ ክፍል፥ ሦስት ከሃያ።
የእንግዳው፥ የሙሽሮቹ፥ የቴምር ማከማቻው፥
ሦስት ከሃያ፥ ሦስት ከሃያ።
"ዛፉ ነዋ!" አለኝ። "ከዚህ በላይ ቀጥ ብሎ አያድግም።
ሉል ነጋዴ ሁን መረብ ጣይ፥ ክፍልህ ከእንጨትህ አይሰፋም።"

ማታ በሰፈራችን፥ በቆርቆሮው ሣጥን፥
ተንጋልዬ በክንዴ ለካሁ፤
አልጋ፥ መተላለፊያ፥ አልጋ። ስምንት ሰው፥ አንድ መስኮት።
ይህንስ የቱ ዛፍ ለካው?
የማን ቁመት ይሆን ያነሰው?

ሐሙስ ዕለት ባለቤቱ መጡ፤ ኻልፋን፥ ሰማንያ ያለፋቸው።
ከወለሉ ላይ ተጋደሙ፥ ከነነጭ ልብሳቸው፥
ጣራውን እንደ ልጅ በጣታቸው እየቆጠሩ።
መሐንዲሷ ረውዳ ጎንበስ ብላ፥ እንደ መርዶ ነጋሪ፥
ስለ ስምንተኛው ነገረቻቸው።
"ስምንተኛው? ጣሉት! ሌሊት ያቃስት ነበር፤
እናቴ በሱ ምክንያት ሰባት ዓመት አልተኛችም" አሉ።
እኛ ለልቅሶ ስንዘጋጅ እሳቸው ሳቁ፥ አቧራው አሳላቸው።

ከንፋስ ማማው ሥር ትንሽ ተቀመጡ፤
ማማው በጆንያ ተደፍኗል፥ ማን እንደደፈነው አላሉም፤
እኛም አልጠየቅንም።

ቅዳሜ ምትኩ መጣ፤ የብረት ቱቦ፥ ቡናማ ቀለም የተቀባ፤
የዚያ ዛፍ ቆረጣ ክልክል ነው አሉ፥ ዛሬ ወደብ አይገባ።
ልኩ ልክ ነው። ሦስት ከሃያ።
ከታች ሲያዩት ወንድማማች ይመስላሉ።
እላዩ ላይ ቆሜ የቴምሩን ገመድ አዞርሁ፤
ሁለቴ፥ ከዚያም አንዴ አሾለክሁ፤
ብረቱ ግን ቋጠሮ አይዝም፤
ያንሸራትታል።

ሦስተኛ ዙር ጨመርሁ።
አባቴ ቢያይ ያፍርብኝ ነበር።
ቱቦው ዝም ብሏል።